የወንዙ አፍ ጠባቂ

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

«ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ገና ሳልጀምር አንቀላፋችሁ እንዴ? ዳግም በሉ። ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ፣ ጭሱ ዓይኔን ፈጀው፣ ያንን እርጥብ እንጨት አውጪልኝ። የዛሬው ተረት አያስቅም፤ አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ። የሚያስቅ የፈለገ ነገ ይምጣ።

በድሮ ዘመን፣ በትልቁ ባሕር ዳር፣ ሾላ ዳር የሚባል መንደር ነበረ። ባሕር ስላችሁ ጨው ያለበትን አይደለም፤ የኛን ነው፣ የሚጠጣውን፣ ማዶው የማይታየውን። በመንደሩ አሥራ ሁለት ታንኳ ነበረ። ሰዉ ደንገል ያጭዳል፣ ያደርቀዋል፣ ጠፍሮ ታንኳ ያደርገዋል፤ ከዚያም ይሳፈርበታል። የሚበላው ዓሣ ነው። እህል የሚለውጠውም በዓሣ ነው።

ታዲያ ዓሣ ማጥመድ በበጋና በክረምት አንድ አይደለም። በበጋ ዓሣው በባሕሩ ሁሉ ተበትኖ ይኖራል፤ የፈለገው ያገኘዋል። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ደጋውን ያጥብና ወንዙ ቀይ ሆኖ ይመጣል። ያን ጊዜ ነጩ ዓሣም አምባዛውም ሆዱ በእንቁላል ተወጥሮ፣ ከየጥልቁ ተጠራርቶ ወደ ወንዙ አፍ ይሰበሰባል። ሽቅብ ወጥቶ እንቁላሉን ጥሎ ሊመለስ ነው። በዚያ ሰሞን ወንዙ አፍ ላይ ቅርጫት የነከረ ሰው ቅርጫቱን ማንሳት ያቅተዋል። ሕፃን ልጅ እንኳ በእጁ ይይዛል።

የጥንት አባቶች ይህን አዩና ሕግ አወጡ። ቀዩ ውሃ ባሕሩን ከነካበት ቀን ጀምሮ አደይ እስኪፈነዳ ድረስ የወንዙ አፍ ይዘጋል። ከወንዙ ግራና ቀኝ ሁለት እንጨት ተተክሏል፤ በእንጨቶቹ ላይ እርጥብ ደንገል ይታሰራል። ደንገል ከታሰረ መረብ የለም፣ ቅርጫት የለም፣ ብርብራ የለም። ብርብራን ታውቁታላችሁ? ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣውን የሚያሰክረው ነው። ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይመርጥ ሆዱን ገልብጦ ያንሳፍፈዋል።

በክረምት ማጥመድ የፈለገ ወዲያ ወደ ድንጋያማው ዳር ይሄዳል። እሱ ደግሞ ምን ያለ ሥራ መሰላችሁ! ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሱ ሳይነሳ መውጣት አለ። ያልደፈረሰ ውሃ መፈለግ አለ። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ቄጠማው ጥግ ይሸሸጋል፤ ነጩ ዓሣ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ወርዶ ይተኛል። መንጠቆው ላይ ያለው ትል በሕይወት ካልተንቀሳቀሰ ዞር ብሎም አያየው። ዝናቡ ጀርባህን እየደበደበህ ዝም ብለህ ትጠብቃለህ። ከዚያም ሰማዩ ከወደ ምዕራብ ሲጠቁር፣ የያዘም ያልያዘም መቅዘፊያውን ያነሳል፤ ከቀትር በኋላ የሚነሳው ማዕበል ታንኳ አይምርም። ይህን ሁሉ ደክመው ሦስት አራት ዓሣ ይዘው ይገባሉ። ሲገቡ ደግሞ በወንዙ አፍ በኩል ነው የሚያልፉት። ዓሣው ከሥራቸው ሲተራመስ እያዩ ያልፋሉ።

ስለዚህ ጠባቂ አስፈለገ። ጠባቂው ወንዙ አፍ ላይ ጎጆ ተሠርቶለት እዚያው ይከርማል። እርሻ የለውም፣ ታንኳ የለውም፣ እጁንም ዓሣ ለመያዝ ውሃ ውስጥ አይከትም። የሚያበላው መንደሩ ነው። በጎጆው ፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ተራው የደረሰው ታንኳ ሲያልፍ ዓሣ ይጥልለታል። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። ጠባቂው ደግሞ አምጡ ብሎ አይጠይቅም። ለምን ብትሉ፣ የጠየቀ እንደሆነ ለሰጠው ሰው ዓይኑን መጨፈኑ አይቀርም ብለው ነው። ክፉ ሕግ አልነበረም። ሰው ተራውን እስካወቀ ድረስ ክፉ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ጠባቂዋ ደጊቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጠባቂ ነበረ፣ የባሏም አባት ጠባቂ ነበሩ። ባሏን ወባ ገደለው። መንደሩም ተሰበሰበና፦ «ዓይኗ ስል ነው፣ ልቧም ጽኑ ነው፤ እሷው ትጠብቅ» አለ። ደጊቱም እሺ አለች። የቀሯት አማቷ እማማ የውብዳር ብቻ ነበሩ። እማማ የውብዳር ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ምላሳቸው ግን አልጠፋም። ቀኑን ሙሉ ጎጆው በር ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያዳምጣሉ።

«ደጊቱ፣ ቀዛፊዎቹ ቀርበዋል፤ ቀጥ ብለሽ ቁሚ! ጠባቂ ጎብጦ አይታይም!» ይሏታል።

እሷም ቀጥ ብላ ትቆማለች። ታንኳዎቹ ያልፋሉ። ዓሣው ጧ ብሎ ድንጋዩ ላይ ያርፋል። እማማ የውብዳርም፦ «ዛሬ የማን ተራ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ስሙን ስትነግራቸው፦ «አባቱ ስስታም ነበር፤ እሱስ ይሻላል» ይላሉ። ዓሣዋን በእጃቸው ዳብሰው፦ «ይቺ እንኳ ገና እናቷ ጋ ማደር የነበረባት ናት» ይላሉ። ከዚያም ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ደጊቱ እናቷን ሳታውቅ ነው ያደገችው። አማቷን ትወዳቸው ነበር። እሳቸውን ማኖር ነበር በዚህ ዓለም የቀራት ነገር።

አንድ ዓመት ታዲያ ክረምቱ ከፋ። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን ነፋሱ ገና በማለዳ ተነሳ። ታንኳ የሚወጣበት አልነበረም። ያን ቀን ተራው የቢያድጌ ነበር። ቢያድጌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደግ፣ ተጫዋች፣ ሰው የሚወደው ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ዋለ። ደጊቱና እማማ የውብዳርም የትናንቱን ራስና አጥንት ቀቅለው መረቁን ጠጡ።

በማግሥቱ ነፋሱ በረደና አሥራ ሁለቱም ታንኳ ወጣ። ሲመለሱ ቢያድጌ በልቡ፦ «የኔ ተራ ትናንት አልፏል፤ ዛሬ የጫኔ ነው» አለ። ጫኔ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነው። ጫኔም በልቡ፦ «ቢያድጌ ገና አልሰጠም፤ እሱ ሳይሰጥ እኔን አይደርሰኝም» አለ። ሁለቱም ቀዝፈው አለፉ። በሦስተኛው ቀን ከጫኔ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ጫኔን ጠበቀ። ከእሱ የሚቀጥለውም እሱን ጠበቀ። እያንዳንዱ የፊቱን ሰው ጀርባ እያየ አለፈ። አልሰጥም ያለ የለም። ክፉ የተናገረም የለም። እንዲያውም አንዱን ብትጠይቁት፣ ደጊቱ ጠግባ እንደምታድር በልጆቹ ይምልላችሁ ነበር።

አራተኛው ቀን ላይ ደጊቱ ውሃው ዳር ወረደች። ታንኳዎቹ ሲቀርቡ አፏን ልትከፍት ቃጣት።

እማማ የውብዳርም ከጎጆው በር፦ «ልትጠሪያቸው ነው?» አሉ።

«እማማ፣ ረስተውን ይሆናል እኮ።»

«ባሌ ሃያ ክረምት ሲጠብቅ አንድ ቀን አምጡ አላለም። ልጄም አላለም። ዛሬ ብትጠይቂ ነገ ያ የሰጠሽ ሰው ቅርጫቱን ይዞ ይመጣል። ዝም በይ። ነገ ያስታውሳሉ።»

ደጊቱም ዝም አለች። ቀጥ ብላም ቆመች። ቀዛፊዎቹ እያለፉ እጃቸውን አነሱላት፤ እሷም እጇን አነሳችላቸው። «ጎበዝ ናት፤ አየሃት እንዴት እንደምትቆም?» ተባባሉ። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ቀጥ ብላ ስለቆመች ጠግባለች አሉ።

ወደ መንደሩ በእግር እንዳትሄድ ሜዳው ሁሉ ውሃ ሞልቷል፤ አማቷን ጥላ ብትዋኝም ያው መጠየቅ ነው። ስለዚህ ሳማ ለቅማ ቀቀለች። እሱም አለቀ። የደንገል ሥር ነቅላ ታኝክ ጀመር፤ ለእማማ የውብዳር አድቅቃ ሰጠቻቸው፤ ጥርስ የላቸውማ። እሳቸውም እያላመጡ፦ «ታንኳውን በላነው እንግዲህ፤ የቀረን መቅዘፊያው ነው» አሉ። ሳቁ። ደጊቱም ሳቀች፤ ከዚያም ጎጆው ጓሮ ሄዳ አለቀሰች።

በአሥረኛው ቀን ማለዳ ጫኔ ብቻውን መጣ። ታንኳው ላይ ባዶ ቅርጫት ተቀምጧል።

«እንዴት ሰነበትሽ፣ እታለም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ጫኔ።»

«ባሕሩ ነፈገን። ትናንት እስከ ቀትር ተጎልቼ ይዤ የገባሁት ሁለት ቀረሶ ነው። አምስት ልጅ አለኝ። እስቲ ይቺን ቅርጫት እዚህ ልንከራት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ግማሹ ያንቺ ነው። ማን ያየናል?»

ደጊቱ ቅርጫቱን አየች። አንድ ቃል ብትናገር ያን ቀን እማማ የውብዳር ይበላሉ። እንጨቱን ተደገፈች።

«አያ ጫኔ፣ ደንገሉን አላየኸውም?» አለችው።

«አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ቅርጫትህን ይዘህ ተመለስ። ለአንተ ከፈቀድሁ ለአሥራ አንዱ ምን እላለሁ?»

ጫኔ ተቆጣና ታንኳውን አዞረ። ዞር ብሎም፦ «ጠግበሽ ነዋ! ሰው እያመጣ አፍሽ ሲጨምርልሽ እንዲህ መኮራት ቀላል ነው!» አላት።

ደጊቱ ጎጆ ገብታ ለአማቷ ነገረቻቸው። እማማ የውብዳርም፦ «ጠግበሽ ነው አለሽ?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ሳል ያዛቸው፤ ሳሉም ቶሎ አልለቀቃቸውም።

ከዚያም በኋላ እማማ የውብዳር ከመደቡ አልተነሱም። ረኀብ፣ ልጆቼ፣ መጀመሪያ ሥጋን ይበላል፤ ከዚያ ኩራትን ይበላል። አስቀድመው ዝም በይ ያሉት ሴትዮ በአሥራ አምስተኛው ቀን የደጊቱን እጅ ያዙ።

«ልጄ፣ ይሰማኛል እኮ። ዓሣው በጭራው ውሃውን ሲመታ ይሰማኛል። ከዚህ እስከዚያ እኮ ስድስት እርምጃ አይሆንም። አንዲት ብቻ። ትንሽም ትሁን።»

«እማማ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ የነገሩኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ አርጅቻለሁ። አንዲት ብቻ፣ ልጄ።»

ደጊቱ ተነስታ ወጣች። ቀዩ ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች። እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች። ወዲያው አንድ አምባዛ መጥቶ መዳፏ ላይ አረፈ። አልሸሸም። ሆዱ በእንቁላል ተወጥሮ፣ ከበደ። መጨበጥ ብቻ ነበር የቀራት። ባሏ ያን ደንገል ሲያስር አሰበች፤ አባቱ ሲያስሩ አሰበች። ሾላ ዳር ሁሉ አምኖ እዚህ እንዳቆማት አሰበች። ከዚያም እጇን አወጣች። ባዶውን።

ጎጆ ስትገባ እማማ የውብዳር አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁ ነበር። እንዳልያዘች አወቁ። አልተቆጧትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ታንኳዎቹ ከድንጋያማው ዳር ሲመለሱ የቀዘፋው ድምፅ ተሰማ። እማማ የውብዳርም ከንፈራቸውን አላቅቀው፦ «ዛሬ የማን ተራ ነው?» አሉ። ደጊቱም፦ «የቢያድጌ ነው፣ እማማ፤ እየመጣ ነው» ብላ ዋሸቻቸው። «እሱ ደግ ነው» አሉ። ይህን እንዳሉ ሞቱ።

ደጊቱ ከጎጆው ወጣች። ቀጥ ብላ አልቆመችም። መሬት ላይ ወድቃ እሪ አለች። ለዓሣ ያልጠራች ሴት ለሬሳ ጠራች። አሥራ ሁለቱም ታንኳ ዞረ።

መንደሩ ሁሉ በታንኳ መጣ። አለቀሱ፤ እውነት ለመናገር ከልባቸው አለቀሱ። እማማ የውብዳርን ከጎጆው ኋላ ካለው ሾላ ሥር ቀበሩ። ቀብሩ ሲያልቅ ደንቡ ነውና ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ ሁሉም ያላቸውን አመጡ። ቢያድጌ ያን ቀን የያዘውን ትልቅ ነጭ ዓሣ ድንጋዩ ላይ አኖረ። ጫኔ ሁለት ቀረሶ አኖረ። አንዱ ሲያኖር ሌላው ተከተለ። ጠፍጣፋው ድንጋይ አልበቃ ብሎ ዓሣው ወደ ሣሩ ተንሸራተተ።

ደጊቱ ዓሣውን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያም፦ «አሥራ ዘጠኝ ቀን የማን ተራ ነበር?» አለች።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ቢያድጌም፦ «የኔማ በነፋሱ ቀን አለፈ» አለ። ጫኔም፦ «አንተ ሳትሰጥ እኔ እንዴት እሰጣለሁ?» አለው። ከኋላ ያለው፦ «እኔ እኮ ጫኔን ስጠብቅ ነው» አለ። ሁሉም አንድ ላይ መናገር ጀመሩ። ጣታቸውን እየቀሰሩ፣ ቀኑን እየቆጠሩ፣ እዚያው መቃብሩ አጠገብ ተጨቃጨቁ። ኋላ ግን ቃሉ አንድ በአንድ እያለቀባቸው ሄደ። የእማማ የውብዳር ክንድ ምን ያህል ቀሎ እንደነበረ፣ ሬሳቸውን የተሸከሙት ትዝ አላቸው።

ቢያድጌም፦ «ምነው ብትጠሪን፣ ደጊቱ?» አለ።

«አትጠይቂ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለች።

ከዚያም ተነሳች። ወደ ግራው እንጨት ሄዳ ደንገሉን ፈታችው። ወንዙን እስከ ደረቷ ተሻግራ የቀኙንም ፈታችው። ደንገሉን ውሃው ላይ ጣለችው፤ ጎርፉ ይዞት ሄደ።

«አፉ ተከፍቷል። ግቡ» አለች።

ቢያድጌ ቀስ ብሎ፦ «አደይ እኮ ገና አልፈነዳም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ዓሣው እንቁላሉን አልጣለም።»

«አውቃለሁ አልሁህ። እኔ ጠባቂዋ ነኝ፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ከዛሬ ጀምሮ ግን ጠባቂ የላችሁም።»

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አንድ ሰው «ተዉ» ቢል ይቀር ነበር። አንድ ሰው ደንገል ቆርጦ መልሶ ቢያስር ያበቃ ነበር። ግን እያንዳንዱ ሌላው እንዲናገር ጠበቀ። ከዚያም ጫኔ ወደ ታንኳው ሮጠ። ጫኔ ሲሮጥ ሌሎቹ ሮጡ። ወደ መንደሩ ቀዝፈው፣ ፀሐይ ከራስ ላይ ፈቀቅ ሳትል ተመለሱ። ሲመለሱ እያንዳንዱ ታንኳ ላይ የተወቀጠ ብርብራ በስልቻ ተጭኗል። ብርብራ ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ ማዘጋጀት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ? ደግ የተባለው ቢያድጌ እንኳ ስልቻው ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ለካ ሁሉም ቤቱ አዘጋጅቶ፣ ደንገሉን እያየ ኖሯል።

ብርብራው ተበተነ። ቀዩ ውሃ ነጭ ሆነ፣ በዓሣ ሆድ። ትልቁ ተንሳፈፈ፣ ትንሹም ተንሳፈፈ። ታንኳዎቹ እስኪሰጥሙ ጫኑ። ሲረግጡት እንቁላሉ እየፈነዳ ተረከዛቸውን አሙለጨለጨው። ሳቁ፣ ተጠራሩ፣ ዘፈኑም።

ደጊቱ ዳር ላይ ተቀምጣ አየች። መጀመሪያ ደስ ያላት መሰላት። «ይኸው ጥገቡ» አለች። ኋላ ግን ጣት የማታህል ጫጩት እግሯ ሥር መጥታ ሆዷን ገልብጣ ቀረች። ደጊቱ አነሳቻት። ዓሣው ምንም እንዳላደረጋት አወቀች። ያሰከረውን ውሃ መልሳ ማጥራት ግን አትችልም።

በቀጣዩ ክረምት ቀዩ ውሃ መጣ፤ ዓሣው ግን አልመጣም። ወንዙ አፍ ላይ የነከሩት ቅርጫት ቅጠል ይዞ ወጣ። በሁለተኛው ክረምት ድንጋያማው ዳርም ባዶ ሆነ። በሦስተኛው ክረምት ታንኳዎቹ ዳር ላይ ደርቀው ተፈቱ። ሰዉ ልጆቹን እየያዘ ደጋ ወጥቶ ለሰው አረም ሊያርም፣ ከብት ሊጠብቅ ተበተነ። ደጊቱ ብቻ፣ ሳማና የደንገል ሥር እየበላች፣ ከጎጆዋ አልወጣችም።

አንድ ቀን ቢያድጌና ጫኔ ወደሷ መጡ። ሁለቱም ከስተዋል። ከጫኔ ልጆች ሁለቱ ደጋ ላይ ሞተዋል። እርጥብ ደንገል በክንዳቸው ታቅፈዋል።

ቢያድጌም፦ «እባክሽ፣ ደጊቱ፣ ተመልሰሽ ጠብቂልን። በየቀኑ ሁለታችንም እናመጣልሻለን። ይኸው ደንገሉን አጭደን መጥተናል፤ አፉን ዝጊልን» አላት።

ደጊቱ ደንገሉን ተቀበለችው። ወደ ውሃው ዞረች። ምንም አይንቀሳቀስም፤ አንድ ጭራ አይመታም።

«ምኑ እንዳይያዝ ነው የምዘጋላችሁ?» አለች።

ጫኔ ቁጭ ብሎ ጋቢውን በፊቱ ላይ ጣለ።

«እናንተ አማቴን ገደላችሁብኝ። ቂሜን የምወጣበት መስሎኝ እኔ የልጆቻችሁን ምሳ ገደልሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ጫኔ፣ ልጆችህ ሞቱ ሲሉኝ ወንዙ ውስጥ ገብቼ የጮኽሁት ጩኸት አማቴ ሲሞቱ ከጮኽሁት ይበልጣል። እንግዲህ ማንም ከማንም አይሻልም። ሂዱ፤ ከዚህ የምትጠብቁት ነገር የለም፤ እኔም የምጠብቀው የለኝም።»

እነሱም ሄዱ። ሾላ ዳር የሚባል መንደር ዛሬ የለም።

ተረቴ እዚህ አለቀ። ምን ያፈዛችኋል? ጉሮሮዬ ደርቋል። አንዳችሁ ተነሱና እሸት ጥበሱልኝ፤ እሷ ትሰጣታለች፣ እሱ ይሰጣታል እያላችሁ ደግሞ እንዳትተያዩ። ተረቴን ተቀበሉ፣ አፌን በትኩስ እሸት ሙሉ።